ዝንብ የማይገባበት አፍ

በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት ሣር ውስጥ፣ ሌሊት የሚዘፍኑ ጥቁር ፌንጣዎች ነበሩ። ወንዱ አንዱን ክንፉን እንደ ሞረድ ጥርስ ባወጣው በሌላው ክንፉ ላይ እያፋተገ ይዘፍናል፤ ሴቷ ሰምታ የጣማትን ትመርጣለች። ዘፈኑን ግን አንዲት ዝንብም ትሰማው ነበር። በጨለማ ዘፋኙን ፈልጋ ትሎቿን ትጥልበታለች፤ ትሎቹ ከውስጥ ይበሉታል፤ በሳምንት ገደማ ቀደው ሲወጡ ይሞታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ክንፈ ልሙጥ ወንድ ተወለደ። ቢያፋትግ ድምፅ የለውም። ጎረቤቱ ዘፋኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ሳትዘፍን ማን ትመጣልሃለች?» አለው።

«አንተ ዝፈን እንጂ እኔ አላጣም» አለና አጠገቡ አደፈጠ። ሴቷ ድምፁን ብላ ስትመጣ ልሙጡ ከመንገድ ጠብቆ አገኛት። ዝንቧም መጣች፤ እሷ ያገኘችው ግን ዘፋኙን ነው።

የልሙጡ ዘር በዛ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። ሴቶቹ የሚሄዱበት ጠፋቸው። ዝምተኞቹም የተረፈውን አንድ ዘፋኝ ከበው፣ «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ዝፈን!» ይሉት ጀመር።

ንግግሩ ተረት ነው፤ ነገሩ እውነት ነው። ኋላ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፕሮፌሰር ማርሊን ዙክ እ.ኤ.አ. በ2003 በካዋይ አብዛኞቹ ወንዶች ድምፅ አልባ ሆነው አገኟቸው። ለውጡ የተስፋፋው 20 በማይሞላ ትውልድ ውስጥ ነው። የተቀዳ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ሲሰማም ዝምተኞቹ ወደዚያው ይጠጉ ነበር።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን፤ ፌንጣውም መሰከረ። ግን በሚኒያፖሊስ ወይም በሴንት ፖል የዕድር ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ልሙጥ ክንፍን ያውቃል። አንዱ ተነሥቶ «ሒሳቡ ይመርመር» ይላል፤ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሲበተኑ ግን መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፣ «ጎሽ ወንድሜ፣ የልባችንን ተናገርክልን» ይለዋል። የተጣራው ሒሳብ ለሁሉም፣ ቂሙ ለተናጋሪው።

ዝም ያለ ይድናል፤ የሚድነው ግን የሚናገር እስካለ ነው። እንግዲህ አንዱ ሲነሣ ምስጋናውን ለመኪና ማቆሚያው አናቆይለት፤ እዚያው እጅ አውጥተን «እኔም» እንበል። ቂሙ ለሃምሳ ሲካፈል ለማንም ሸክም አይሆንም።