ከሸራው ሥር ያለው አማና

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የተነሳ ከባድ መኪና ጋላፊን ተሻግሮ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ እስኪገባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አብዛኛው የአገራችን ገቢ ዕቃ የሚመጣው ከዚሁ ወደብ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ በዚያ ሁሉ በረሃ የሰው ሀብት ተሸክመው ያድራሉ። ባለንብረቱ አያያቸውም፤ አላህ ግን ያያቸዋል። አማና ማለት ይህ ነው።

ስለ ጭነት ስርቆት ሲወራ ጣታችንን የምንቀስረው ሌሊት ሸራ በሚቀደው ሌባ ላይ ነው። እኔ ግን ጥያቄዬን ወደ ከተማችን አዞራለሁ። ከመኪናው የተቀነሰው ስኳር፣ ዘይትና ጎማ፣ የተቀዳው ናፍጣ የት ይገባል? ያለ ደረሰኝ፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ ወርዶ የመጣለትን ዕቃ «ከየት አመጣኸው?» ሳይል የሚረከብ ነጋዴ፣ ፈጅርን በጀመዓ ቢሰግድም የሌባው ሸሪክ ነው።

«አንድ ካርቶን ምን አላት?» የሚሉም አሉ። በሒጅራ 7ኛው ዓመት ከኸይበር ዘመቻ መልስ፣ ሚድዐም የተባለ አገልጋይ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጓዝ ሲያራግፍ ፍላጻ መታውና ሞተ። ሰዎች «ጀነት ይብቃው» አሉ። ነቢዩ ግን ምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ኩታ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኑን ነገሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ይህን የሰማ አንድ ሰው የወሰደውን የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ፤ እርሷም የእሳት መሆኗ ተነገረው። ወገኖቼ፣ የጫማ ማሰሪያ እንዲህ ካስጠየቀ ካርቶኑ እንዴት ይሆን?

ባለንብረቶችም ድርሻ አላቸው። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የነቢያችን ትምህርት ነው። ጠንካራ ቁልፍ፣ ጥበቃ ያለው ማደሪያና በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ የማሰሪያው ገመድ ናቸው። በጉልበት የተዘረፈን ሾፌር ሳያጣሩ «አንተ ነህ» ብሎ ደመወዙን መያዝ ደግሞ ሌላ ስርቆት ነው።

እጁ የገባበት ሰው የተውባ በር አልተዘጋበትም። ነገር ግን የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አይወርድም፤ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ሱቅ ያለን ሁላችን ዛሬ መደርደሪያችንን እንመልከት፤ የቂያማ ቀን ከመድረሱ በፊት የራሳችንን ሒሳብ እኛው እንመርምር።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።