ኮባው ሲፈታ

ጉለሌ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት መርካቶ ቅቤ ሸጠው ልጆች አሳድገዋል፤ ባላቸውን ቀብረዋል። አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ዘንድ ለመግባት ቆርጠዋል። የቀራቸው ቤታቸውን መሸጥ ብቻ ነው፤ 160 ካሬ ግቢ ውስጥ የቆመ የጭቃ ቤት፣ ከጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ በሩ አጠገብ አንድ የሎሚ ዛፍ።

ሐሳባቸውን ለማንም አልተናገሩም። ለ27 ዓመት ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ብቅ ለሚለው የግንብ ጎረቤታቸው ብቻ አንድ ቀን በረካው ላይ፣ «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ቤቱን ሸጬ ልጄ ጋ ብገባ ይሻለኛል መሰለኝ» ብለውታል። እሱም «እንዳሰቡት ያድርግልዎ» ብሎ ስኒውን መለሰ።

በሳምንቱ አንድ ደላላ መጣ። የመጣው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። አንድ ዝም ያለ ሰው ተከትሎታል።

«እማማ፣ ቤት ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁ።»

«ከማን ሰማህ ልጄ?»

«የሰፈር ወሬ ነው። ለማንኛውም ገዢ ይዤልዎት መጥቻለሁ። 6 ሚሊዮን ብር፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ። ብቻ ለሰው አይንገሩ፤ ለጎረቤትም ቢሆን። ወሬው ከወጣ ደላላ ይከመርብዎታል፣ ብድር የሚጠይቅ ዘመድ ይበዛል፣ ሌባ ያሰፈስፋል። ደግሞ ብዙ ሰው አይቶት ያልተሸጠ ቤት ‹ምን ቢኖርበት ነው?› ይባላል።»

ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሚባል ብዙም አልነበረበትም። ያልተናገረው ግን ነበር። ሁለት ፐርሰንቱን ከሻጭም ከገዢም የሚቀበል ደላላ ሌላ ገዢ ፈልጎ ቢደክም የሚጨመርለት ጥቂት ነው።

ዝም ያለው ሰው ቤቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። በ1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ሰውየው ግን ቆርቆሮው ያፍስስ አያፍስስ፣ ምሰሶው ይበላ አይበላ አልጠየቀም። ከጎረቤት ጋር ከሚያዋስነው ግንብ ተነሥቶ እስከ ሎሚው ድረስ በእርምጃ ለካ። ተመልሶም ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የጋራችን ነው።»

«ጠንካራ ነው» አለና ዝም አለ። ያን ማታ ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር።

እማማ «ሦስት ቀን ስጡኝ» ብለው ሸኟቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። 6 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ቆጥረው አያውቁም። ደግሞም ተደብቆ መሸጥ ክብር አለው፤ ማንም «አለቀላቸው» ሳይል፣ ማንም ዕቃቸውን ሳይቆጥር ሹልክ ብሎ መሄድ። ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ የመርካቶው ዘመን መጣባቸው።

የሸኖ ለጋ ሲመጣላቸው ኮባውን ፈትተው ነበር የሚቀመጡት። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጣቱን ይሰዳል። አንዱ ቆንጥሮ እጁ ጀርባ ላይ ያሽና ያሸታል፤ ሌላዋ ምላሷ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ልትገዛ ያልመጣችውም ለአናቷ ትንሽ ዘግና ትሄዳለች። በቀን ሩብ ኪሎ በጣት ያልቃል። አጠገባቸው የነበረች ነጋዴ ይህ ኪሳራ እያንገበገባት ኮባዋን ሳትፈታ ነበር የምትሸጠው። ደንበኛዋ አንድ ሰው ነው። ጠዋት ይመጣል፤ እንደታሰረ ይወስዳል፤ ጥቂት መደብር እልፍ ይልና እዚያው ፈትቶ ይቸረችረዋል። እሷም ከተቀመጠችበት ሆና የራሷን ቅቤ ሽታ ታሸት ነበር።

እማማ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ነጠላቸውን ለበሱ።

ዕለቱ እሑድ፣ የእድር ስብሰባ ቀን ነበር። ሰብሳቢው «ሌላ የሚነሣ ነገር አለ?» ሲሉ እማማ እጃቸውን አወጡ። እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ፊት መናገር እንዴት እንደሚከብድ የተናገረው ያውቀዋል፤ ድምፃቸው ተንቀጥቅጧል። «ቤቴን ልሸጥ ነው። የሰማ ላልሰማ ያሰማ» አሉና ቁጭ አሉ። ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ጎረቤታቸው የእድር ደብተሩን ገለጠ፤ ዘጋው፤ እንደገና ገለጠው።

ቤት ሲደርሱ የልጅ ልጃቸው የፓስታ ካርቶን ቀድዳ «የሚሸጥ ቤት» ብላ በማርከር ጻፈችና ከስልክ ቁጥሩ ጋር በሩ ላይ አሰረችው። ፎቶ አንሥታም ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ ደላላው የተናገረው ሁሉ ደረሰ። ደላሎች እየተጋፉ ገቡ። ለዓመታት ድምፁ ያልተሰማ የእህት ልጅ ብድር ፈልጎ ከች አለ። ቤት ለማየት ገባሁ ያለች አንዲት ሴት ቁም ሣጥናቸውን ከፍታ አየች። የሎሚው ዛፍ ባዶውን ቀረ። አንዱ ግድግዳውን በጥፍሩ ፈቅፍቆ «ይሄማ ማፍረሻም ያስወጣል» ብሎ 5 ሚሊዮን ተኩል ጠራ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ። ያን ሌሊት እማማ «ምነው አፌን በያዝኩት ኖሮ» ብለው አለቀሱ።

ሐሙስ ዕለት ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ነርሶች መጡ። በየክፍሉ ቆመው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ተያዩ፤ 7 ሚሊዮን ተኩል አሉ። ዓርብ ከዋሽንግተን ስልክ ተደወለ። የደወለችው ሴት በቪዲዮ ኮርኒሱን፣ የውኃ መውረጃውን፣ ካርታውን አንድ በአንድ አሳዩኝ ብላ አየች፤ 8 ሚሊዮን ተኩል አለች፣ ውክልና የያዘ ወንድሟ እንደሚመጣም ነገረቻቸው።

ቅዳሜ ጎረቤትየው መጣ። እንደ ሁልጊዜው በጓሮዋ በር ሳይሆን በዋናው በር ነው የገባው፤ ጫማውን አስጠርጓል። እማማ ቡና አቀረቡ። አቦሉን ዝም ብሎ ጠጣ። ቶናው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ 9 ሚሊዮን እከፍላለሁ። ሁለቱ ግቢ ቢቀላቀል ለልጆቼም መሥሪያ ይሆነኛል።»

እማማ በረካውን ቀድተው ሰጡት።

«ግንቡ ጠንካራ ነው ብሎ ነገረህ?»

ስኒው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከሰሉ ተንጣጣ። ከውጭ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል።

«በግልጽ ብጠይቅዎ ዋጋ ይቆልሉብኛል ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ረከቦቱ ላይ ተክሎ።

«ያን ዕለት እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ‹ለእኔ ይሽጡልኝ› ብትለኝ ኖሮ» አሉ እማማ፣ «በ7 እሰጥህ ነበር። ለሰውም አልናገርም ነበር። ባዳ መጥቶ ግንብህን ሲነካብህ ማየት አልፈልግም።»

መልስ አልነበረውም።

«አሁንስ?» አለ ቆይቶ።

«አሁንማ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ለሁሉም ቃል አለብኝ። ሰኞ ለእያንዳንዳቸው የተባለውን እነግራለሁ፤ የሚጨምር ከሌለ ያንተ ነው።»

ሰኞ ደወሉ። ነርሶቹ አቅማችን አይደርስም፣ ስለነገሩን እናመሰግናለን አሉ። የዋሽንግተኗ 200 ሺህ ጨምራ ቆመች።

ውሉ የተፈረመው ሰነዶች ማረጋገጫ ነው። አዳራሹ ተራ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጥሩ እስኪጠራ ያንጋጥጣል። እማማ ካርታውን ከላስቲክ ውስጥ አወጡ፤ ከቅቤ ዘመናቸው ጀምሮ ወረቀት የሚያስቀምጡት በላስቲክ ጠቅልለው ነው። ጎረቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጧል።

«እማማ፣ ውሉን አንብበውታል?» አላቸው ሠራተኛው።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ አንተ አንብብልኝ።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ፣ ለእሳቸው ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። እማማ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ጮክ በል፣ አይሰማም።»

ወጣቱ ወደ ሰልፉ አየና አመነታ። ጎረቤትየው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገ።

«እትዬ እንዳሉት ነው» አለ። «ጮክ በል።»