የፈሰሰው እርሾ

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ሲያስተምር ብዙውን ጊዜ ምሳሌውን የወሰደው ከነገሥታት አደባባይ ሳይሆን ከተራ ሰው ማጀት ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀን በቤት ውስጥ የሚደርሰውን ጥፋትና ጉድለት ለትምህርቱ መምረጡ ነው። የሴትዮዋ ብር ይጠፋል፤ የአምስቱ ቆነጃጅት ዘይት ያልቃል፤ እንግዳ በእኩለ ሌሊት ይደርስና በቤት ውስጥ እንጀራ ይታጣል፤ አዲሱ እራፊ አሮጌውን ልብስ ይቀድዳል። በቃና ዘገሊላም የመጀመሪያው ተአምር የተፈጸመው የወይን ጠጁ ካለቀ በኋላ ነበር። የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ (እ.ኤ.አ. 1515–1582) ጌታ በማድቤት በድስቶቹ መካከል ሳይቀር እንደሚገኝ ለደናግሎቿ ያስተማረችው ይህን ተረድታ ነው።

እንግዲህ እኛም ዛሬ ወደ ማጀት እንግባ። ስለ አንድ ትንሽ ጥፋት፣ ስለ ፈሰሰ እርሾ እንነጋገር።

እናቶቻችን ይህን ከእኛ በበለጠ ያውቁታል። የጤፉ ዱቄት በቡሃቃ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ሊጡ ይዘቅጥና ቢጫ ውኃ ከላይ ያቀራል። ከዚያ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ እርሾ የሚባለውም ይህ ነው። የዛሬው እንጀራ እርሾውን ያገኘው ካለፈው ሳምንት ቡኮ ነው፤ ያለፈው ሳምንትም ከዚያ በፊት ከነበረው። አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ቤት በጣሳ ይዛው የወጣችው እርሾ ከዓመታት በኋላም በቡሃቃዋ ሊገኝ ይችላል።

ታዲያ አንድ ቀን ለማገዝ የፈለገች ልጅ ዕቃ ስታጥብ የቆሸሸ ውኃ መስሏት እርሾውን ትደፋዋለች። በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት የሚሆነው ይታወቃል። ቁጣው ይቀድማል፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ በእርሾው ላይ የቤቱ ሰላም አብሮ ይፈስሳል። ልጅቱ የደፋችው አንድ ጣሳ ውኃ ነው። በቁጣ የተወረወረው ቃል ግን ስንት ቀን በልቧ እንደሚቦካ ማን ያውቃል? ይህን በጥያቄ ብቻ እንለፈው፤ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው።

እርሾ የጠፋበት ቤት ምን ያደርጋል? ሊጥ ያለ እርሾ ጨርሶ አይቦካም አይባልም፤ ዘግይቶም ቢሆን በራሱ ጊዜ ይቦካል። እግዚአብሔርም ቢፈቅድ ማንም ሳይሰብክለት በሰው ልብ ውስጥ እምነትን ሊያስነሣ ይችላል። የተለመደው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ኩባያ ይዞ ወደ ጎረቤት መሄድ ነው። እምነታችንም ወደ እኛ የደረሰው በዚሁ መንገድ አይደለምን? በግንባራችን ላይ መጀመሪያ የመስቀል ምልክት ያደረገችልን እናታችን ናት። በጥምቀት ዕለት ስለ እኛ ቃል የገቡት የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ናቸው። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ዓድዋ ሲገባ፣ ሊሰጥ የመጣው ሐዋርያ አስቀድሞ የአገሩን ቋንቋና አኗኗር ከሕዝቡ እንደ ተማሪ ተቀብሏል። የሚሰጥ ሰው መቀበልን ሊያውቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ የአምስቱን ልባሞች ቆነጃጅት ነገር ሊያነሣብን ይችላል፤ እነርሱ ዘይታቸውን አላካፈሉምና። እውነት ነው፤ ሙሽራው በደጅ በቆመበት ሰዓት ከሌላው የማይበደሩት ነገር አለ። እርሾ ግን እንደ ዘይት አይደለም። ከእርሾዋ አንድ ኩባያ የሰጠች ሴት በሚቀጥለው ቡኮ መልሳ ታገኘዋለች፤ በመስጠቷ አንዳች አይጎድልባትም። በወንጌሉ ያለችው ሴትም እርሾዋን በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ስትሸሽግ፣ ያ መስፈሪያ በዛሬ ልክ ወደ 40 ሊትር ይጠጋል፤ ከመቶ ሰው በላይ ሊያጠግብ የሚችል እንጀራ ነው። ማንም ሴት ይህን ያህል ለራሷ ቤት ብቻ አትጋግርም።

ነገር ግን፣ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የቅርቡ ጎረቤት ከእኛ ጋር ተኳርፏል። ምክንያቱ የአጥር ድንበር ይሆናል፤ ወይም በግቢያችን የሚያልፍ የፍሳሽ ውኃ፤ ወይም በአንድ ለቅሶ ላይ አለመገኘት። በእሑድ ቅዳሴ ዲያቆኑ ሰላም እንድንሰጣጥ ሲያውጅ በቀኝና በግራ ላለው እጃችንን እንዘረጋለን፤ ሦስት መደዳ አልፎ የተቀመጠውን ግን እንዳላየ እንሆናለን። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ሰው፣ ራሱ የተቀየመው ሳይሆን ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ያስታወሰው ሰው መሆኑን ልብ እንበል። እኛ ግን «እኔ ምንም የለብኝም፤ ያኮረፈው እርሱ ነው» እያልን ወደ ቅዱስ ቁርባን እንቀርባለን።

እናቲቱም ለልጅቱ ኩባያ ሰጥታ ትልካታለች፤ «ከዚህ ከቅርቡ ቤት አይደለም፤ ከማዶ ሄደሽ አምጪ» ትላታለች። ልጅቱ የተዘጋውን በር አልፋ፣ ጭቃውን ተሻግራ ትሄዳለች። ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ «ዝም ብለሽ የታዘዝሽውን አድርጊ» ትባላለች። በዚያች ዕለት ወደ ቤት የሚገባው የኩባያው እርሾ ብቻ አይደለም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ከፈሪሳውያን እርሾ እንዲጠበቁ ሲያስጠነቅቅ፣ ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች አሮጌውን እርሾ አስወግዱ ሲላቸው፣ እርሾ ክፉውንም እንደሚያሻግር ያውቁ ነበር። የተበላሸ እርሾ ጣዕሙን ለሚቀጥለው ቡኮ ያወርሳል፤ ዱቄቱ ምንም ንጹሕ ቢሆን። ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው ሳይኖር ኩርፊያ ብቻ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ያላየን ማን ነው? የልጅ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እየተማሩ ሰላም አይባባሉም፤ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም።

እንዲህ ያለውን እርሾ መድፋት ጥፋት አይባልም። ምሥጢረ ንስሐ የተሰጠንም ቡሃቃው እንዲታጠብ ነው፤ ካህኑ ፊት ቀርበን የራሳችንን ኃጢአት ስንናዘዝ፣ የጎረቤትን በደል መዘርዘር ከኑዛዜ እንደማይቆጠር ግን እናስታውስ።

ምናልባት አንዳንዱ «ሄጄ ባንኳኳ በሩ ባይከፈትልኝስ?» ይል ይሆናል። ላይከፈት ይችላል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባንም። በሉቃስ ወንጌል በእኩለ ሌሊት የሄደውም ሰው መጀመሪያ የሰማው ቃል «አታድክመኝ» የሚል ነበር። እርሱ ግን አላፈረም፣ አልተመለሰምም። እንጀራውን የለመነው ለራሱ አልነበረምና፤ በቤቱ ተርቦ የተቀመጠ እንግዳ ነበረው። እናቲቱም ቤት ውስጥ ልጆች ተቀምጠዋል።