ከባልንጀራ ጋር በአንድ ሠረገላ ስለ መቀመጥ

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የተጻፈውን ታሪክ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ሰው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ሲሆን፥ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ እግረኛው ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከእርሱ ጋር ይቀመጥ ዘንድ ለመነው። ሰባኪዎች ስለ ንባቡና ስለ ጥምቀቱ አብዝተው ይናገራሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ መቀመጫው ልናገር እወዳለሁ።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በየቀኑ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል። የአንበሳ አውቶቡስ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡን ሲያመላልስ ኖሯል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ባቡር ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፥ ከአያትም ወደ ጦር ኃይሎች መሄድ ጀመረ። የሰው ጠባይ ተገልጦ የሚታየው ግን ይልቁን በትንሹ ታክሲ ውስጥ ነው።

ረዳቱ «ሜክሲኮ፥ ሜክሲኮ» ብሎ ይጣራል፤ መኪናው ሲሞላም በሩን ዘግቶ ሒሳብ ይሰበስባል። ከኋላ የተቀመጠው ገንዘቡን ለፊተኛው ያቀብላል፥ መልሱም በዚያው እጅ ተመልሶ ይደርሰዋል፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም። ዝርዝር በጠፋ ጊዜ ረዳቱ ለሁለት ሰዎች አንድ ኖት ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላቸዋል፤ እነዚያም ከወረዱ በኋላ በመንገድ ዳር ቆመው መንዛሪ ይፈልጋሉ። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ መተማመን መኖሩ እጅግ ያስደንቀኛል።

ነገር ግን ረዳቱ የረሳው ተሳፋሪ ምን ያደርጋል? ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝም ይላል፤ ሲወርድም «እርሱ ካልጠየቀኝ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ልቡን ያጽናናል። ይህ ሰው በገበያ ሚዛን አጕድሎ አይሸጥም ይሆናል። አብዛኞቹ ሹፌሮች ለመኪናው ባለቤት በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባሉ፥ ነዳጁንም ከሰበሰቡት ይገዛሉ፤ ለሹፌሩና ለረዳቱ የሚደርሰው ከዚህ የተረፈው ነው። እንግዲህ ያ ያልተከፈለ ሒሳብ የሚጐድለው ከባለጸጋው ሣጥን አይደለም፥ ከረዳቱ እራት ነው እንጂ። አለመጠየቅ ዕዳን አይሰርዝም።

መስመሩን ከመካከል ቈርጦ መንገደኛውን ሁለት ጊዜ የሚያስከፍል፥ ዝናብ በጣለ ጊዜም ከታሪፉ በላይ የሚጠይቅ ሹፌር በደለኛ መሆኑ ግልጥ ነው። እኔ ግን መሪ ይዤ አላውቅምና በእርሱ ላይ ብዙ ልናገር አልደፍርም። ረዳቱንም ተሳፋሪዎች «ወያላ» እያሉ በንቀት ይጠሩታል፤ የእርሱም አንደበት ንጹሕ ነው አልልም። ሆኖም ስድብን በስድብ የመለሰ ተሳፋሪ በምን ይበልጠዋል?

ማታ በመገናኛ የሚቆመውን ሰልፍ ተመልከቱ። ወዳጁን ጠርቶ ከፊቱ የሚያስገባ ሰው ለራሱ ቸር የሆነ ይመስለዋል፤ የሰጠው ግን ከኋላው የቆሙትን ሰዎች ጊዜ ነው፥ ከእነርሱም መካከል ልጅዋን ከጎረቤት ትታ የመጣች እናት ትኖር ይሆናል። መስጠት የሚወድ የራሱን ተራ ሰጥቶ እርሱ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሂድ። እንዲህ የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው።

በስልክ ታክሲ ጠርቶ ሌላ ሲያገኝ ሳይነግር የሚሄድም የሰውን ነዳጅ በከንቱ ያቃጥላል። በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ እጁን ወደ ሴት የሚሰድድ ደግሞ ነውረኛ ነው፤ አይቶ ፊቱን የሚያዞር ወንድም ከነውሩ ተካፋይ እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

በዚህ ከተማ መንገድ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በሰፈርና በታወቀ ምልክት ስለ ሆነ፥ ከገጠር የመጡ አንድ አባት መንገድ ቢጠይቁህ በእጅህ ጠቍመህ አትለፋቸው። የትኛውን ታክሲ እንደሚይዙ፥ የት እንደሚወርዱ፥ ሒሳቡም ስንት እንደ ሆነ ንገራቸው፤ ረዳቱንም «እኒህን አባት መገናኛ ሲደርሱ አውርድልኝ» ብለህ አደራ በለው፤ «ወራጅ አለ» ማለትን አያውቁ ይሆናልና።