ሁለት ዘንግ

ጉለሌ ውስጥ አንድ የጭቃ ቤት ያለበት አሮጌ ግቢ ነበር። አባት ሲሞቱ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ ዋናው ቤት ለእህት፣ ሰርቪሱ ለወንድም ደረሰ። ማድ ቤቱ ወሰኑ ላይ ስለነበር በጋራ ቀረ። እናትም እንደ ማድ ቤቱ የሁለቱም ሆኑ።

የመብራቱ መስመር አባት ያስገቡት ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ፣ ኧርዝ የሌለው። ምጣዱ እናትን መንዘር ሲጀምር እህት ሠራተኛ ጠርታ የመዳብ ዘንግ አስቀበረች። ዙሪያውን ጨውና ከሰል ተነሰነሰበት፤ ምጣዱም ታሰረበት፤ መንዘሩ ቀረ። ወንድም ይህን አይቶ ከሰርቪሱ ጀርባ የራሱን ዘንግ ተከለና የውሃ ማሞቂያውን አሰረበት። ሁለቱም «እኔ ኧርዝ አለኝ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

አንድ በጋ የማሞቂያው ኤለመንት ውስጡ ተሰነጠቀና ኮረንቲው ወደ ብረት ገላው ገባ። ብሬከሩ መውደቅ ነበረበት፤ አልወደቀም። በደረቀ አፈር ውስጥ የቆመው ዘንግ ወደ 50 ኦም ያህል ይከላከል ነበርና 220ው ቮልት በእሱ በኩል ሊያሳልፍ የሚችለው ከ4 አምፔር ብዙም አይበልጥም። 16 አምፔር ለሚሸከም ብሬከር ይህ ምንም አይደለም። ኮረንቲው ሌት ተቀን ወደ አፈር ይፈሳል፣ ካርዱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ወንድም ቆጣሪውን ይራገማል። የማሞቂያው ገላና ከእሱ የወጣው የብረት ቧንቧ ግን ወደ 200 ቮልት ተሸክመው በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተዘርግተዋል።

እናት እንጀራ እየጋገሩ ነበር። በቀኝ እጃቸው የምጣዱን ብረት እንደያዙ፣ በግራቸው ቧንቧውን ሊከፍቱ ዘረጉ። ወደቁ። እግዜር አተረፋቸው።

የመጣው ባለሙያ ጎልማሳ ሰው ነው። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ ምጣዱ ላይ፣ ሌላውን ቧንቧው ላይ አሳርፎ ቁጥሩን ለሁለቱም አሳያቸው። ወንድም «ሌላ ዘንግ እንጨምር፣ ጠለቅ ያለ» አለ።

«ሦስተኛው ምን ሊያደርግላችሁ? ለየራሳችሁ መሬት አላችሁ። በሁለታችሁ መካከል ግን ሽቦ የለም፤ እማማ ናቸው ያሉት።»

ቦይ አስቆፍሮ ሁለቱን ዘንጎች በወፍራም መዳብ አገናኘ፤ ቧንቧውንና የብረት በሩንም እዚያው ላይ አሰረ። እህት ይህን ጊዜ ተቆጣች። «እንግዲያው የእሱ ማሞቂያ ሲበላሽ ጣጣው ወደ እኔ ምጣድ ሊመጣ ነው?»

«ይመጣል» አላት፣ ሳይሸፋፍን። «ምጣዱና ቧንቧው እኩል ከፍ ስለሚሉ በመካከላቸው ያለ ሰው አይመታም። በባዶ እግሩ መሬት የረገጠ ግን አሁንም ያሰጋዋል። ስለዚህ ማገናኘቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቶሎ የሚቆርጥ ያስፈልጋል።» በሁለቱም ፓኔል ላይ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ብሬከር አስገባ። ይህ ብሬከር የሄደውን ኮረንቲና የተመለሰውን ያስተያያል፤ ጥቂት እንኳ በሌላ መንገድ ከፈሰሰ ወዲያው ይዘጋል።

ወንድም ማሞቂያውን አበራ። ብሬከሩ ወደቀ። ደግሞ አበራ፤ ደግሞ ወደቀ። «አበላሸኸው!» ሲል ጮኸ።

«የተበላሸውስ ድሮ ነው፤ ዛሬ ተናገረ እንጂ።» ሲከፍቱት ኤለመንቱን ተሰንጥቆ አገኙት።

ውርስ የተካፈሉ ወንድማማቾች ቤት ስገባ ይህ ግቢ ይታወሰኛል። እያንዳንዱ የየራሱ ሽማግሌ፣ የየራሱ የነፍስ አባት፣ የየራሱ ሰነድ አለው፤ በየራሱ ሽማግሌ ፊትም ንጹሕ ነው። ጠቡ ከእሱ ቤት ወጥቶ ወደ አፈር የገባ ይመስለዋል። ከዚህ ቤት በልታ እዚያ ቤት የምታድር እናት፣ ወይም ሁለቱንም «አጎቴ» የሚል ልጅ ግን በአንድ እጁ ይህን፣ በአንድ እጁ ያንን ይነካል። የሚመታው እሱ ነው፤ ሁለቱም በመካከላቸው ማንን እንደጣሉ አያውቁም።

በጋራ ሽማግሌ ፊት አንድ ላይ መቀመጥ የሚከብደው እህት በፈራችው ነገር ምክንያት ነው፦ የወንድም ጥፋት ወደ እኔ ቤት ይመጣል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ይመጣል። እኔ ግን ይምጣ እላለሁ፤ ጥፋቱ ቀድሞም ግቢው ውስጥ ነበርና፤ አሁን የተጨመረው የሚያየው ሰው ነው። የጋራ ሽማግሌ ሲቀመጥም በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ የባሰ ይመስላል፤ ተዳፍኖ የቆየው ሁሉ ይነሣል፣ «ሽማግሌዎቹ አጣሉን» ይባላል። በዚያ ሳምንት ተነሥተው የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ እንደገና አንድ ምንጣፍ ላይ የተገናኙት በእናታቸው ተዝካር ነው።