ደረቅ ካንዴላ

አንድ ነገር ሲበላሽብን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ሆነ?» ብለን ነው ወይስ «ማን ነካው?» ብለን? እኔ ከሁለተኞቹ ወገን መሆኔን ያወቅሁት በአሮጌዋ ሞተር ሳይክሌ ነው።

ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ ያቺ ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታነደው፣ በእግር ተመትታ የምትነሳው። ሦስት ወር ቆማ ከርማ አንድ ጠዋት አልነሳም አለች። መታሁ፣ መታሁ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። «አንተ ነህ የነካካሃት!» «ኧረ ጋሼ፣ ቁልፏ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም!» ምሎ ተገዘተ። ሲምል ይባስ ጠረጠርኩት።

መካኒኩ ግን ስለ ማንም አልጠየቀም። ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን አየ። ደረቅ ነው። እርጥብ ቢሆን ቤንዚኑ ደርሶ አልተቀጣጠለም ማለት ነው፤ ደረቅ ከሆነ ግን ጭራሽ አልደረሰም። ለማረጋገጥ ያህል ካንዴላውን ከገመዱ ጋር መልሶ አገናኘና ከቀዳዳው ራቅ አድርጎ የሞተሩን ብረት አስነካው፤ ፔዳሉን ሲመታ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። «እሳቱ ነጻ ነው» አለ፣ ልክ እንደ ዳኛ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ፤ ይወርዳል። ታንከሩም ነጻ ወጣ።

ትዕግሥቴ አለቀና «ለምን ሁሉንም ባንዴ አትቀይረውም?» አልኩት።

«ብትነሳ በየትኛው እንደተነሳች በምን እናውቃለን?»

ዝም አልኩ። የኔው ምርመራ ትዝ አለኝ። ልጁ ፈርቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ቢል ኖሮ ሞተሯ ያው አትነሳም፤ እኔ ግን ነገሩ እንዳለቀ ቆጥሬ፣ ረክቼ ቤቴ እገባ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ካርቡራተሩ ሲከፈት ከሥሩ ቢጫ ሙጫ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፤ ቀጭኗ ቀዳዳ ተደፍናለች። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ይተንና ዝቃጩ ይቀራል።

«ስትቆም ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን አልወጣማ! ማን ነው ያቆማት?» አለኝ። «ማን» ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

«እኔ ነኝ።»

ቀዳዳዋን አጥቦ በአየር ነፋት። ገጣጥሞ ሁለቴ ሲመታት ጭሷን ለቀቀች። ልጁ ድምፁን ሰምቶ ከበሩ ብቅ አለ።

«ተነሳች ጋሼ?»

«ተነሳች» አልኩት። የቀረውን ለመናገር እስከ ማታ ፈጀብኝ።