እውነት መናገር ብቻውን ይበቃልን?

«ሰውየው አለ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል። «ለ»ን አላልቶ ካነበበው ሰውየው ተናግሯል፤ አጥብቆ ካነበበው ደግሞ ሰውየው በቦታው ይገኛል። ፊደሉ ግን ያው አንድ ነው። ለመሆኑ ጸሐፊው በትክክል ጽፎ አንባቢው ሌላ ቢረዳ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ በኮምፒዩተሮች ንግግር መመርመር ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ እነሱ እንደ ሰው ፊት አይተው፣ ነገሩን ገምተው መረዳት አይችሉምና። የሚላላኩት 0 እና 1ን ብቻ ነው። 11111111 ምን ማለት ነው? «ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች አይወርድም» የሚል ስምምነት አስቀድሞ ካለ 255 ነው። «ከዜሮ በታችም ሊወርድ ይችላል» ከተባለ ደግሞ፣ በተለመደው አሠራር፣ -1 ይሆናል። በሀብትና በዕዳ መካከል ያለውን ያህል የተራራቀ ትርጉም!

ስለዚህ የመገናኛ ደንብ የሚያወጡ ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚላከው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለዚህ ከሚያገለግሉት የአጻጻፍ ሥርዓቶች አንዱ ኤ.ኤስ.ኤን.1 ይባላል። የተጻፈው ወደ 0 እና 1 የሚለወጥባቸው ደንቦች ግን ከአንድ በላይ ናቸው። በአንደኛው ደንብ 5 ቁጥር ሲላክ «ሙሉ ቁጥር ነኝ፣ ርዝመቴ ይህን ያህል ነው» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል፤ በጠቅላላው 24 ቢት ይፈጃል። በሌላው፣ በቁጥቡ ደንብ፣ «ቁጥሩ ከ0 እስከ 7 ነው» ተብሎ በውሉ ላይ ወሰኑ ከተጻፈ፣ 101 ብቻ ይላካል፤ 3 ቢት። በአራተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ስልክና የአንቴና ጣቢያ ግንኙነታቸውን የሚዋዋሉት በዚህ ቁጥብ ደንብ ነው።

ቁጥቡ ደንብ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለውን ተረት ያስታውሰኛል። ተረቱ ያማረ ነው። ሆኖም ብልሁ ብልህ የሚሆነው ውሉ በእጁ ካለ ብቻ ነው። ውሉን ላልያዘ እንግዳ 101 ምንም አይነግረውም።

የውል መፋለስ ምን እንደሚያስከትል አንድ የታወቀ አደጋ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለች ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጉያና ተተኮሰች። አቅጣጫና ፍጥነት የሚለካው መሣሪያዋ በ64 ቢት የተያዘን ቁጥር 16 ቢት ወዳለው ቦታ ሊያዛውር ሞከረ። ያ ቦታ ከ32,767 በላይ አይችልም። ፕሮግራሙ ለተወረሰላት ለአሪያን 4 በቂ ነበር፤ የአዲሲቱ የጎንዮሽ ፍጥነት ግን ከዚያ በለጠ። መሣሪያው ሥራውን አቋረጠ፤ ብልሽቱን የሚያመለክት መልእክትም ላከ። ዋናው ኮምፒዩተር ይህን የበረራ ልኬት አድርጎ አነበበው። ሮኬቷ መንገድ የሳተች መስሎት በኃይል አዞራት፤ በዚህ ሳቢያ በረራው በተጀመረ በ40 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ተሰባብራ ፈነዳች። ሰው አልተሳፈረባትም፤ አራት የምርምር ሳተላይቶች ግን ጠፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ መሣሪያ አለመዋሸቱ ነው። «ታምሜአለሁ» ነው ያለው። ሰሚው ግን «መንገድ ስተናል» ብሎ ሰማው።

በሰው መካከልም እንዲሁ ነው። ሐኪም «ውጤትዎ ኔጌቲቭ ነው» ብሎ እውነቱን ተናግሮ ይሄዳል፤ በሽተኛው ግን ክፉ ወሬ የተነገረው መስሎት ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ሐኪሙ ዋሸ አይባልም። ዕዳውን ከፈለ ማለት ግን ይከብደኛል።

ሁሉን ነገር ማብራራት ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ውሉን በሚጋሩ ሰዎች መካከል አጭር ንግግር የመተማመን ምልክት ነው። ሰሚው ውሉን መያዙን ሳያረጋግጡ ማሳጠር ግን የራስን ሸክም በሰሚው ትከሻ ላይ መጫን ነው። በእኔ አስተያየት የማብራራቱ ግዴታ ይበልጥ የሚከብደው ይበልጥ በሚያውቀው ላይ ነው፤ ያልገባው ሰው ምን እንዳልገባው እንኳ ላያውቅ ይችላልና። ስለዚህ «እውነቱን ተናግሬአለሁ፤ የገባው ይግባው» የሚል ሰው ሥራውን ከግማሽ ላይ ያቋረጠ ይመስለኛል።